የኦርቪል ባርኔጣ

በስምንት ዓመቴ አንድ ሰው አባቴን በከተማው ሁሉ ፊት መሳቂያ ሲያደርገው በዓይኔ አየሁ። ፍርዱንም በዚያው ምሽት በገዛ እጄ ፈጸምኩበት። ሰውየው ጎረቤታችን ኦርቪል ክሩግ ነው። ፍርዱ ምን እንደነበር እደርስበታለሁ፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ስኮራበት ስለኖርኩ በችኮላ ተናግሬ ባበላሸው ይቆጨኛል።

ያደግኩት ደቡብ ዳኮታ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የገበሬ ከተማ ነው። አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ሁለት ቤተ ክርስቲያን ነበሯት። ሁለቱም ሉተራን ናቸው። በምን እንደተለያዩ የሚያስታውስ ሰው አልነበረም፤ የታረቀም ግን አልነበረም።

በየዓመቱ ሚያዝያ ማለቂያ ላይ፣ በረዶው ከመንገድ ዳር ቦይ ገና ሳይጠፋ፣ ተመራቂዎቹ ፕሮም የሚሉትን የመሰናበቻ ዳንሳቸውን ይደንሳሉ። በሌላ ቦታ ፕሮም የወጣቶች ጉዳይ ነው ሲባል እሰማለሁ። እኛ ጋ ከዳንሱ በፊት ታላቁ ሰልፍ የሚባል ነገር አለ፣ እሱ ደግሞ የሁሉም ሰው ጉዳይ ነው። ከተማው በሙሉ የእሑድ ልብሱን ለብሶ የትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ፣ በእንጨት ደረጃዎቹ ላይ ይደረደራል። ዳይሬክተሩ በድምፅ ማጉያ ስም ይጠራል። ሴት ልጅን አባቷ፣ ወንድ ልጅን እናቱ፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ከበሩ እስከ ቅርጫት ኳስ ሜዳው የመሃል ክብ ድረስ ያመጧቸዋል። አንድ ዘፈን ከወላጅ ጋር ይደነሳል። ከዚያ ወላጅ ሁሉ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከበሩ እስከ ክቡ ሃያ ስድስት እርምጃ ነው።

ያን ዓመት ተራው የእህቴ የጃኔል ነበር።

ያን ዓመት ቤታችን ውስጥ ነገር ሁሉ ተገለባብጦ ነበር። አባቴ ሰነፈ። ሰነፈ የምለው እንዲያው አይደለም፤ ማስረጃ አለኝ። ቁርስ በልቶ ሲጨርስ ብድግ አይልም፣ ጠረጴዛውን ይዞ ይቆያል። ትራክተር ላይ መውጣት አቆመ። ተመራቂዎቹ በትራክተር ትምህርት ቤት የሚሄዱበት ቀን ሲደርስ፣ የሌሎቹ አባቶች ከልጆቻቸው ጎን ተንጠልጥለው እየጮኹ ሲያልፉ፣ የእኔ አባት የበሩን መቃን ተደግፎ እጁን ብቻ አወዛወዘ።

“አባዬ፣ አንተስ ለምን አትሄድም?” አልኩት።

“ከሄድኩ አንቺን ማን ይጠብቅሻል?”

“እኔ ጠባቂ አያስፈልገኝም።”

“እሱንማ አየሁ” አለና እጁን ማወዛወዙን ቀጠለ። ረታሁት ብዬ ተደሰትኩ።

ሁለተኛው ጉድ ኦርቪል ነው። ኦርቪል ክሩግ ሚስትም ልጅም የለውም። ድምፁ ግን አለው፤ ከብቶቹን ሲጠራ ሦስት እርሻ አልፎ ይሰማል። ከየካቲት ጀምሮ በየማለዳው እኛ በረት ውስጥ መገኘት ለመደ። ከዚያ ጫማውን እየጠራረገ ይገባና የእናቴን ፓንኬክ ይበላል። ስምንት ይበላል፣ ቆጥሬያለሁ።

“እማዬ፣ ሚስተር ክሩግ ቤት ምግብ የለም እንዴ?” ብዬ እፊቱ ጠየቅኳት።

እናቴ ዓይኗን አጉረጠረጠችብኝ። ኦርቪል ግን ዘጠነኛውን አነሳ። “አለ፤ ግን የሚያበስለው እኔ ነኝ” አለኝ። ሆዳም ብቻ ሳይሆን ዓይን አውጣም መሆኑን ያን ቀን ተረዳሁ።

አርባ ሁለት ላም ነበሩን። ጠዋትና ማታ የሚያልባቸው እሱ ነበር። የእኛን ጨርሶ ሄዶ የራሱን ያልብ ነበር። ያ ሁሉ ሲሆን እኔ የምቆጥረው ፓንኬክ ነው።

ሦስተኛውን ጉድ ያየሁት ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ወርጄ ወደ ቤት ስሄድ ነው። ከማሽን መጋዘኑ ውስጥ የሬዲዮ ዘፈን ይሰማል። ሾልኬ ገባሁና ከኮምባይነሩ ጎማ ጀርባ ተደበቅኩ። ቤንዚንና የአምና አቧራ ይሸታል። ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ ትልቅ ክብ ተስሏል። ጃኔል በጂንስ ሱሪዋ ላይ አዲሱን ባለተረከዝ ጫማ አድርጋለች። አባቴ ክንዷን ይዞ ከመጋዘኑ በር ወደ ክቡ ይራመዳል፣ ጃኔል ትቆጥራለች።

“አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት… አባዬ፣ ግራህን አንሳው እንጂ። አትጎትተው።”

“እያነሳሁት ነው።”

“አላነሳኸውም።”

“እኔ አንስቻለሁ፣ እንቢ ያለው እሱ ነው።”

ሁለቱም ሳቁ። አሥራ አራት ላይ የግራ እግሩ ተጠላለፈና ጃኔል ላይ ተንጠለጠለ፤ ሁለቱም ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም። እህቴ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ከሳቅ የመጣ መሰለኝ።

“ይብቃን በቃ። ከዱዌይን ጋር እገባለሁ” አለች። ዱዌይን ለዳንሱ የጋበዛት ረጅም ልጅ ነው። “ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም።”

“ይጠይቃሉ። ባይጠይቁም የማስገባሽ እኔ ነኝ።” ላቡን ጠረገ። “ያን ቀን ሰው ማየት ያለበት አንቺን ነው፣ የእኔን እግር አይደለም። ነይ፣ እንደገና።”

ነገሩ ገባኝ። አባቴ መደነስ አይችልም። መደነስ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፣ ወደ ዳንሱ መሄድ ራሱ አቅቶታል። ጆሮዬ በሀፍረት ጋለ። ሌሎቹ አባቶች ያለ ምንም ልምምድ ሲሄዱ፣ የእኔው በጠመኔ ተስሎለት እንኳ አሥራ አራት ላይ ይሰናከላል። ሰዉ ሁሉ ሊስቅበት ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጸሎቴ አንድ ብቻ ሆነ፤ በአባቴ እንዳይስቁ።

የአባቴ በሽታ ስሙ ረጅም ነው። ነርቮችን አንድ በአንድ የሚያጠፋ ነው፤ ከግራ እግሩ ነበር የጀመረው። ሐኪሙ በጥር ወር ነግሮታል። የሚያውቁት እናቴ፣ ጃኔልና ኦርቪል ብቻ ነበሩ። አባቴ ከተማው እንዳያውቅ የፈለገው እስከ ሰልፉ ድረስ ነው። ካወቁ ያን ቀን ጃኔልን የሚያይ አይኖርም፤ አራት መቶ ሰው አንገቱን ዘንበል አድርጎ እሱን ነው የሚያየው። በዚያ ላይ ሃያ ስድስት እርምጃ መራመድ አለበት። እኔ ይህን አላውቅም። የማውቀው አባቴ የማይደንስ መሆኑን ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ሆድ ውስጥ አይቀመጥም። በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ለጓደኛዬ ለሮንዳ ነገርኳት።

“ለማንም እንዳትናገሪ፤ አባቴ በድብቅ ዳንስ እየተማረ ነው። አልገባውም። ምንም ተስፋ የለውም።”

“ሙች በይኝ!” አለች ሮንዳ።

“ሙች! እግሩን ማንሳት እንኳ አይችልም።”

የሮንዳ እናት የከተማዋ ብቸኛ ፀጉር ሠሪ ናት። ከአፍ የወጣ ቃል ከእጅ የወደቀ እንቁላል ይባላል፤ የእኔ እንቁላል ፀጉር ቤት ነበር የወደቀው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና የእኛ ቤት በመጨረሻ ሰማ። እናቴ ቅዳሜ ፀጉሯን ተሠርታ መጣችና መኪናው ውስጥ ብዙ ቆየች። ከዚያ ገብታ አስጠራችኝ።

“ጆዲ፣ ለሮንዳ ምንድን ነው ያልሻት?”

አለቀልኝ አልኩ። “አባዬ ዳንስ እየተማረ ነው አልኳት።”

“ሌላስ?”

“አይችልም አልኳት።”

“ሌላስ? ስለ እግሩ?”

“እግሩን ማንሳት አይችልም፣ ዳንሱ ስላልገባው።”

እናቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ እየሳቀች ይሁን ምን፣ አልለየሁትም። “ሰው ከጠየቀሽ” አለች ቀና ብላ፣ “ልክ እንደዚሁ በይ። አንድ ቃል እንዳትጨምሪ፣ እንዳትቀንሺ።” ከዚያ ወደ መጋዘኑ ሄደች። ትንሽ ቆይቶ የእሷና የአባቴ ሳቅ ተሰማ። የኦርቪል አልተሰማም፣ እዚያው እንደነበረ ግን አውቃለሁ፤ ሲወጣ ፊቱ ሬት የጠጣ ይመስል ነበር። እናቴ ተመለሰችና ትልቅ ቁራጭ የፖም ፓይ ሰጠችኝ። አባቴን ባማ ፓይ እንደሚሰጠኝ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

የሰልፉ ዕለት አዳራሹ የወለል ሰምና የፀጉር ቅባት ይሸታል። ጣሪያው ላይ ከፎይል የተቆረጡ ኮከቦች ተሰቅለዋል፤ አንዳንዱ ከወዲሁ ወድቋል። እኔና እናቴ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ተቀመጥን። ኦርቪል ከኋላችን ሦስተኛው ላይ ነው። ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ አመድማ አዲስ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠርዙን ያሽከረክራል።

“ሚስተር ክሩግ ለምን መጣ? ልጅ የለው” አልኩ።

“ዝም በይ፣ ጆዲ።”

ዳይሬክተሩ ስም ይጠራ ጀመር። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ልጁን ይዞ እንደ ንጉሥ ተንጎማለለ። ፖስተኛው ሄደ። ሁሉም ይችላሉ፣ ይሄ ነው ያናደደኝ።

“ጃኔል ሄውገን፣ ከአባቷ ከቨርሊን ሄውገን ጋር።”

ጃኔል እናቴ የሰፋችላትን ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ወጣች። እጇ አንጓ ላይ ነጭ አበባ ታስሯል። አባቴ ቡናማ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ክንዷን ይዟል። እኔ በልቤ ቆጠርኩ። አንድ። ሁለት። እናቴ እጄን ጨመቀችው። ከላይ ያሉት ሴቶች ፈገግ እያሉ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ፤ ዳንስ የተማረው እሱ ነው ይላሉ። አሥር። አሥራ አራትን አለፈ! አሥራ ሰባት። አሥራ ስምንት።

አሥራ ዘጠኝ ላይ የግራ ጫማው አፍንጫ ወለሉን ያዘ። አባቴ ዷ ብሎ በጉልበቱ ወደቀ። ድምፁ እስከ ጣሪያው ተሰማ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ያን ዝምታ ዛሬም አልረሳውም። ሰዎች ወደፊት ሰገጉ። የከተማዋ ነርስ ከመቀመጫዋ ብድግ ማለት ጀመረች። አባቴ አንገቱን እንደደፋ ነው። ጃኔል ክንዱን ይዛ ወደ እኛ ደረጃ አየች፤ ፊቷ ልክ እንደ ወረቀት ሆኗል።

ያኔ ከኋላዬ ያ ሦስት እርሻ የሚያልፍ ድምፅ ፈነዳ።

“ኧረ ቨርሊን! ዳንሱ ገና አልተጀመረም እኮ! አስተማሪህን አባርራት!”

ከዚያም ሳቀ። ብቻውን፣ እየጮኸ ሳቀ። አንድ ሁለት ሰከንድ ያህል ብቻውን ነበር። ከዚያ ፖስተኛው ፈነዳ፣ ፀጉር ሠሪዋ ፈነዳች፣ አራት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ሳቀ። ነርሷም እየሳቀች ተቀመጠች። አባቴ ቀና አለና እሱም ሳቀ፤ ወደ ኦርቪል ጣቱን ቀሰረ። ጃኔል ሁለት እጁን ይዛ ሳበችው። ልክ ሲቆም በእጁ ሥር አንዴ ዞረች፣ ቢጫው ቀሚስ ተዘረጋ፣ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሰባቱን እርምጃ በሳቁ መሃል ጨረሱት።

ዘፈኑ ሲጀመር ሌሎቹ ዙሪያውን ሲሽከረከሩ አባቴና ጃኔል መሃል ላይ ቆመው ወዲህና ወዲያ ብቻ አሉ። እግሩን አንዴም አላነሳም። ያን ሁሉ ሳምንት ተምሮ ይቺን ብቻ ነው የያዘው ብዬ አዘንኩ። ሰዉ ግን የሚያየው ጃኔልን ነበር። ቀሚሷ ያምራል ይላሉ።

እኔ አላየኋትም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። ጸሎቴ ከንቱ ሆነ፤ ያከሸፈውም ፓንኬካችንን የሚበላ ሰው ነው። ዞር ስል ኦርቪል የለም፤ ባርኔጣውን መቀመጫው ላይ ትቶ በጎን በር ወጥቷል። ጥግ ላይ የአሥረኛ ክፍል ልጆች ቀይ የፍራፍሬ ጭማቂ ይቀዳሉ። ሁለት ብርጭቆ ተቀበልኩ። ሁለቱንም ባርኔጣው ውስጥ ገለበጥኩ። ሦስተኛ ልጨምር ሄድኩ፤ ጨመርኩ።

ኦርቪል ተመለሰ። ዓይኑ ደም መስሏል። ስቆ ስቆ ነው አልኩ በልቤ። ባርኔጣውን አነሳ፤ ከበደው። ውስጡን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ሸሽቼ አልሄድኩም፣ እጄን አጣምሬ ቆምኩ። እሱ ወደ በሩ ሄዶ ጭማቂውን ውጭ ደፋና ባርኔጣውን ራሱ ላይ አደረገ። ቀዩ በጆሮው ሥር እየወረደ ነጭ ሸሚዙ ላይ ተንጠባጠበ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ማንም አልተቆጣኝምና ለእናቴም ለአባቴም የነገራቸው አልመሰለኝም። ፈርቶኝ ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ ሰላምታ ነሳሁት። ቤታችን ሲገባ እኔ እወጣለሁ። በክረምቱ አባቴ ምርኩዝ ያዘ፣ ያን ጊዜ በሽታውን ለሁሉም ተናገረ። በሚቀጥለው ዓመት ተሽከርካሪ ወንበር መጣ። ኦርቪል አባቴን እንደ ሕፃን አቅፎ መኪና ውስጥ ሲያስገባው አያለሁ፤ ዕዳ እየከፈለ ነው እላለሁ። አባቴ የሞተው አሥራ አራት ዓመቴ ላይ ነው። ቀብሩ ላይ ፓስተሩ ሳይቀሩ የዳንሱን ነገር አነሱ፣ ሰው እያለቀሰ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ኦርቪልም አልሳቀም፣ እኔ ግን ይሄን ልብ አላልኩትም።

ባለፈው መስከረም እናቴ ቤቱን ልትለቅ ስትል ዕቃ እየጠቀለልን ነበር።

“ኦርቪል አረጋውያን ቤት ገብቷል” አለች ሳህን በጋዜጣ እየጠቀለለች። “ሄደሽ ጠይቂው።”

“እኔ? በአባዬ ላይ በሰው ሁሉ ፊት የሳቀውን ሰው?”

ሳህኑን አስቀመጠችው። “አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ቂም ይዘሽ ነው?”

“ይዤ ነው።”

“አባትሽ እኮ ነው ‘ሳቅ’ ብሎ ያዘዘው።”

የምጠቀልለውን ብርጭቆ ካርቶኑ ላይ አስቀመጥኩት።

“አንቺ ለሮንዳ ያወራሽውን ሰምቼ በመጣሁ ቀን፣ መጋዘን ውስጥ ነገርኩት። ‘ተገላገልኩ!’ አለ። ‘መደነስ እንደማልችል ሰዉ ካወቀ፣ ብወድቅም ዳንስ ነው የሚመስላቸው።’ ከዚያ ኦርቪልን ጠራውና፣ ‘ከወደቅኩ አንተ ቀድመህ ሳቅ’ አለው። ‘አንድ ሰው ከሳቀ ሁሉም ይስቃል። ዝም ካሉ ግን አለቀልኝ፤ የጃኔልም ቀን አለቀ።’”

“እሱስ ምን አለ?”

“እንቢ አለ። ባንተ ላይ አልስቅም ብሎ እስከ ሰልፉ ዋዜማ እንቢ እንዳለ ነው። በመጨረሻ ‘እንግዲህ እንዳትወድቅ’ አለውና እሺ አለ።” ጋዜጣውን በመዳፏ አስተካከለች። “ስቆ ሲያበቃ ውጭ ወጥቶ መኪናው ጀርባ እንደ ልጅ ሲንሰቀሰቅ ነበር። የሄድኩት እኔ ነኝ። ና ግባ፣ ሰው ያይሃል አልኩት።”

እኔ ያን ጊዜ ምን እያደረግኩ እንደነበር አልነገርኳት። ሦስተኛውን ብርጭቆ እየተቀበልኩ ነበር።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ነድቼ ትልቅ ከተማ ሄድኩና አመድማ ባርኔጣ ገዛሁ። አረጋውያን ቤቱ ሾርባ ሾርባ ይሸታል። ኦርቪል መስኮት አጠገብ ተቀምጧል። ሰማንያ ስምንት ዓመቱ ነው። ያ ሰውነቱ ከስቶ የሸሚዙ አንገት ሰፍቶታል።

“ሚስተር ክሩግ፣ ያወቁኝ አይመስለኝም” አልኩ።

አየኝ። “የቨርሊን ትንሿ። ፓንኬክ ቆጣሪዋ።”

ድምፁ ሦስት እርሻ አያልፍም፤ ጠረጴዛውን እንኳ በጭንቅ ነው የሚያልፈው። የተለማመድኩት ብዙ ነበር፣ ሁሉም ጠፋኝ።

“እናቴ ትናንት ነገረችኝ” አልኩ። “አላውቅም ነበር። ይቅር ይበሉኝ። ያን ሁሉ ዓመት ሰላም እንኳ አላልኩዎትም።”

“እንዳታውቂ ነበር ነገሩ። ብታውቂማ ምኑን ሠራነው?” ወደ እኔ ዘንበል አለ። “የባርኔጣውን ነገር ለአባትሽ ነግሬዋለሁ፣ ይሄን ታውቂያለሽ?”

“ምን አለ?”

“ሳቀ። ሦስት ቀን ሙሉ እያነሳ እያነሳ ሳቀ። ከዚያ ‘ኦርቪል’ አለኝ፣ ‘እኔ ስሄድም ለዚያች ልጅ አትስጋ።’”

እንባዬን እንዲያይ አልፈለግኩም፣ አየው። ከካርቶኑ ውስጥ ባርኔጣውን አውጥቼ በሁለት እጄ ሰጠሁት።

ኦርቪል ተቀበለ። በጣቱ ጠርዙን ዳሰሰው። ከዚያ ቀስ ብሎ ገለበጠው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብሎ ውስጡን ተመለከተ፣ እጁን ከትቶም ነካው።

“ደረቅ ነው” አለና ራሱ ላይ አደረገው።